ሁሉም የሚያደንቀው ኮሚክ ለምን ሰለቸህ?

የአንባቢ ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው። የሱፐርሂሮ ፊልሞችን አንድም ሳላስቀር አይቻለሁ። ልጅ እያለሁ ቲንቲንና አስቴሪክስን አገላብጫለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ኮሚክ በእጄ ይዤ አላውቅም። ሰሞኑን ለብዙ ዓመት ኮሚክ ያነበቡ ሰዎች የሚወዱትን ሲዘረዝሩ አያለሁ። ሁሌ ያው ስሞች ናቸው፤ ዋችመን፣ ማውስ፣ የፍራንክ ሚለር ባትማን፣ አኪራ። ዋችመንን አንስቼ በሁለት ምሽት ጨረስኩት። እውነቱን ልናገርና ሰለቸኝ። ታሪኩ ገብቶኛል፤ ምኑ እንደሚያስደንቅ ግን አልገባኝም። ኮሚክ በልጅነት ካልተለመደ የማይለመድ ነገር ነው? ወይስ ከሱፐርማን ቁጥር 1 መጀመር ነበረብኝ? አንድ ብቻ ምረጥልኝ ብልህ የቱን ትላለህ?»

መልስ፦ «በሁለት ምሽት ጨረስኩት» ያልከው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ዋችመን 12 ምዕራፍ ነው። 400 ገጽ ገደማ ይሆናል። ከመጨረሻው ምዕራፍ በስተቀር በየምዕራፉ ማብቂያ ላይ ብዙ ጽሑፍ ያለበት ሰነድ ተያይዟል። ይህን ሁሉ በሁለት ምሽት የጨረሰ ሰው ያነበበው ቃላቱን ነው። ዓይንህ ከአንዱ የንግግር ፊኛ ወደ ሌላው እየዘለለ ሄዷል፤ ሥዕሉን እንደ ጌጥ አይተህ አልፈኸዋል። አልፈርድብህም። ልብ ወለድ ስናነብ የለመድነው እንዲህ ነው፤ ፊልም ስናይ ደግሞ ምስሉ ራሱ እየሮጠ ይመጣልናል፣ እኛ ቁጭ ብለን እንቀበላለን። ኮሚክ ከሁለቱም የተለየ ሥራ ይጠይቃል። ያንን ሥራ ደግሞ ማንም አላሳየህም።

ሁለተኛው ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። ለብዙ ዓመት ያነበቡ ሰዎች «የምወደው ይህን ነው» ሲሉ «በዚህ ጀምር» ማለታቸው አይደለም። ሁለቱን ነገር ሰው ሁሉ ያምታታዋል። 20 ዓመት ኮሚክ ሲያነብ ኖሮ ዋችመን ላይ የሚደርስ ሰው የሚሰማው፣ አንተ ድንገት ስትገባበት ከሚሰማህ ጋር አይገናኝም። ዋችመን መልስ ነው። አላን ሙርና ዴቭ ጊበንስ በ1986 እና በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ቁጥር በቁጥር ሲያወጡት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው የደረሰ የሱፐርሂሮ ታሪክ ከኋላቸው ነበር። ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን በ1939 ነው የጀመሩት። ሙር የተነሳው ከዚያ ሁሉ ታሪክ ጋር ሊነጋገር ነው። እነዚህ ጭንብል ለባሾች በእውነተኛው ዓለም ቢኖሩ ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ ነበር? ዓለምስ በእነሱ ምክንያት ምን ትመስል ነበር? መጀመሪያ ሲያቅደው ዲሲ የተባለው አሳታሚ ከቻርልተን ኩባንያ የገዛቸውን ገጸ ባሕርያት ሊጠቀም ነበር። አሳታሚው ግን ከዚህ ታሪክ በኋላ ለሌላ ሥራ እንደማይሆኑ ስለታየው አዲስ እንዲፈጥር ነገረው። ሮርሻክ፣ ዶክተር ማንሃተን፣ ናይት አውል የመጡት እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን አንባቢ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ አንድ የሚያውቀው ፊት ይታየው ነበር። ለአንተ ሁሉም እንግዳ ናቸው።

ፊልሞቹም በዚህ ላይ ጨምረውበታል። ጨለማ የሆነ፣ የሚጠጣ፣ የሚሳሳት፣ በራሱ የማይተማመን ጀግና ለአንተ የየቀኑ ነገር ነው፤ በ20 ዓመት ፊልም ውስጥ አይተኸዋል። ብዙዎቹ ያንን የወሰዱት ከዋችመንና በዚያው በ1986 ከወጣው ከሚለር ባትማን ነው። ልጆቹን አስቀድመህ አውቀህ ኋላ አባታቸውን ስታገኘው «ይሄማ ልጆቹን ይመስላል» እንደማለት ሆነብህ።

አሁን ያመለጠህን አንድ ሁለት ነገር ላሳይህ። ዋችመን ውስጥ አብዛኛው ገጽ 3 በ3 ሆኖ ለ9 እኩል ሳጥኖች የተከፈለ ነው (ሳጥኖቹ ፓነል ይባላሉ)። ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። ጊበንስ ግን በዚያ አከፋፈል ጊዜን እየቆጠረ ነው፤ ሳጥኖቹ እኩል ሲሆኑ ጊዜው እንደ ሰዓት እኩል ይመታል። ሦስቱ ሳጥን ተጋጥሞ አንድ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ትንፋሽህ ይረዝማል። ብዙ ምዕራፍ በትናንሽ ሳጥን ውስጥ ታፍነህ ትቆይና ምዕራፍ 12 ሲከፈት ተከታታይ ገጾች እያንዳንዳቸው በአንድ ሥዕል ሞልተው ይመጡብሃል። የጥፋቱ ክብደት ያለው እዚያ ነው፤ ማንም ምንም አይናገርም። ንግግሩን ብቻ የተከተለ ሰው እነዚያን ገጾች በሰከንዶች ገልጦ ያልፋቸዋል፤ የሚነበብ የለማ።

ምዕራፍ 4ም አለ። ዶክተር ማንሃተን ማርስ ላይ ቁጭ ብሎ የድሮ ፎቶግራፍ ይዟል። ለእሱ ጊዜ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ትናንትም ነገም አሁን ነው። ይህን በልብ ወለድ መጻፍ ይቻላል፣ በፊልምም ማሳየት ይቻላል። ኮሚክ ውስጥ ግን ገጹ ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው። አንድ ገጽ ስትከፍት ያለፈው ሳጥን፣ አሁን የምታየው እና የሚመጣው ሦስቱም እኩል ፊትህ አሉ። ወደ ኋላ ማየት ትችላለህ፣ ወደፊት መስረቅ ትችላለህ። ሙርና ጊበንስ ገጸ ባሕርይው ዓለምን እንዴት እንደሚያይ አንተ ገጹን በምታይበት መንገድ ነግረውሃል። እኔ ይህ ሲገባኝ መጽሐፉን ዘግቼ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

በሳጥኖቹ መካከል ያለው ነጭ ክፍተትስ? ስኮት ማክላውድ በ1993 ኮሚክን በኮሚክ የሚያስረዳ መጽሐፍ አውጥቷል፤ እስካሁን ከዚያ የተሻለ መግቢያ አላየሁም። እዚያ ውስጥ አንድ ቀላል ምሳሌ አለው። በአንደኛው ሳጥን አንድ ሰው መጥረቢያ አንስቶ ሌላውን ሊመታ ነው። በሚቀጥለው ሳጥን ከተማው በሌሊት ይታያል፣ ጩኸት ይሰማል። ማን ገደለው? ሠዓሊው ምቱን አልሣለም። የገደለው አንባቢው ነው፤ በዚያች ቀጭን ነጭ መስመር ውስጥ ግድያውን በጭንቅላቱ የፈጸመው እሱ ነው። የኮሚክ ግማሹ ሥራ የሚሠራው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። አንተ ስትሮጥ ያለፍከው ያንን ነው፤ ለዚያም ነው ታሪኩ ገብቶህ ሌላው ያልተሰማህ።

«በልጅነት ካልተለመደ አይለመድም» የሚለው ትክክል አይደለም። ኮሚክ የልጆች ነገር ነው የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅምሃል። አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወንጀልና የአስፈሪ ታሪክ ኮሚኮች በአዋቂም በልጅም ይነበቡ ነበር። ከዚያ ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል ዘመቻ ተነሳ፣ በ1954 ጉዳዩ ሴኔት ፊት ቀረበ። አሳታሚዎቹም መንግሥት ሳይገባባቸው በዚያው ዓመት ራሳቸው የቁጥጥር ደንብ አወጡ። ደንቡ ክፉ ሁልጊዜ እንዲሸነፍ ያዝ ነበር፤ ባለሥልጣን የሚያዋርድ ነገር ከልክሏል፣ ቫምፓየርና የሚራመድ ሬሳም ከልክሏል። የደንቡ ማኅተም የሌለበትን ኮሚክ አብዛኛው አከፋፋይ አይነካውም ነበር። ስለዚህ እዚያ አገር ኮሚክ ለብዙ ዓመት የልጅ መጠን ሆኖ የቀረው በሕግ ባይሆን እንኳ በግድ ነው። ጃፓን ውስጥ በዚያው ዘመን ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። ዮሺሂሮ ታትሱሚ በ1957 ለአዋቂ የሚሆነውን ሥራውን ከልጆች ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ለመለየት ጌኪጋ የሚል ስም አወጣለት። ስለዚህ ሥዕልና ጽሑፍ አብሮ መምጣቱ የልጅነት ምልክት አይደለም። አንድ አገር በአንድ ዘመን ያደረገው ውሳኔ ነው እስካሁን በአእምሯችን የተቀመጠው። ከ34 ዓመት በኋላ መጀመር ይቻላል ወይ? አዎ። እንዲያውም ብዙዎቹ ምርጥ የሚባሉት የተጻፉት ወላጅን መቅበር፣ አገር መልቀቅ፣ በሥራ መሰላቸት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ግራፊክ ኖቭል የሚለው ስምም ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ከኮሚክ የበለጠ የተከበረ ሌላ ዘርፍ ይመስለዋል። አይደለም። ቃሉን ያስፋፋው ዊል አይስነር ነው፤ በ1978 ባወጣው መጽሐፍ። ያ መጽሐፍ ግን አንድ ልብ ወለድ ሳይሆን የ4 አጫጭር ታሪኮች ስብስብ ነው። ቃሉም ቢሆን ከእሱ በፊት ነበር። ዋችመን ራሱ በየጊዜው በቀጫጭን ቁጥር ወጥቶ ኋላ ነው አንድ ላይ የተጠረዘው። ግራፊክ ኖቭል ማለት በተግባር ጠንከር ባለ ጥራዝ የመጣ ኮሚክ ማለት ነው። ስሙ ስለ ይዘቱ ምንም አይነግርህም፤ በስሙ አትምረጥ።

ከሱፐርማን ቁጥር 1 ልጀምር ላልከው፣ አይ፣ እባክህ አትጀምር። ሱፐርማንን ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ አንብቦ የጨረሰ ሰው አላውቅም። እነዚህ ገጸ ባሕርያት የኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ጸሐፊውም ሠዓሊውም ይቀያየራል፣ ታሪኩ ሲወሳሰብባቸው እንደገና ይጀምሩታል። ዲሲ በ1985 እና በ1986 ታሪኩን ለማጽዳት ብሎ ታሪኮቹ የሚፈጸሙባቸውን ብዙ ዓለማት አንድ ላይ ጨፍልቋል፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ አድርጎታል። የቆየ አንባቢ ይህን ስለሚያውቅ የሚከተለው ገጸ ባሕርይውን ሳይሆን የሠሩትን ሰዎች ነው። አንተም ይህን ልማድ ዛሬውኑ ያዝ። «ባትማን ማንበብ እፈልጋለሁ» አትበል፤ «የፍራንክ ሚለርንና የዴቪድ ማዙኬሊን ባትማን ማንበብ እፈልጋለሁ» በል። ያ (ይር ዋን የተባለው፣ ከ1986ቱ የሚለር ባትማን ሌላ) 4 ቁጥር ብቻ ነው፣ በ1987 የወጣ፣ ምንም ቅድመ እውቀት አይፈልግም። ሱፐርማን ካማረህ ደግሞ ግራንት ሞሪሰንና ፍራንክ ኳይትሊ ከ2005 እስከ 2008 በ12 ቁጥር የሠሩት አለ። የሱፐርማን አመጣጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በ4 ሥዕልና በ8 ቃል ያልቃል። 8 ቃል ብቻ። ቁጥር 1ን ፈልገህ የምታገኘው ነገር ሁሉ እዚያ አለ።

አኪራን ጠቅሰሃል፤ ስለ ማንጋ ትንሽ ልበል። አኪራ ከ2000 ገጽ በላይ ነው፣ ካትሱሂሮ ኦቶሞ ከ1982 እስከ 1990 ነው የሠራው። ፊልሙ የወጣው በ1988 ነው፤ ማንጋው ከማለቁ 2 ዓመት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን አውቀዋለሁ ማለት አይችልም። የጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅና ሠዓሊ የሃያኦ ሚያዛኪ ናውሲካም እንዲሁ ነው፤ ፊልሙ በ1984 ወጣ፣ ማንጋው የተቋጨው በ1994 ነው፤ ፊልሙ የሚነግርህ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ነው። አንድ ነገር ደግሞ ላስተካክል። ከላይ ቀስ ብለህ አንብብ እያልኩህ ነው፤ አኪራን ግን መጀመሪያ ስታነበው ሩጥ። ሞተር ብስክሌቶቹ የሚበሩት አንተ ገጹን በምትገልጥበት ፍጥነት ነው፣ ኦቶሞም ለዚያ ብሎ ነው ቃላቱን ያሳነሰው። ፍጥነቱን የሚወስነው መጽሐፉ ነው። ዋችመን ቁም ይልሃል፣ አኪራ ሂድ ይልሃል። ይህን መስማት መቻል ነው ልምድ የሚባለው፤ ከጥቂት መጽሐፍ በኋላ በራሱ ይመጣል።

ስለዚያ ዝርዝርም አንድ ጥንቃቄ። የቆዩ አንባቢዎች ዝርዝር የጣዕም ብቻ ሳይሆን የዕድሜም ዝርዝር ነው። በ1986 አካባቢ ወጣት የነበረ ሰው በዚያ ዓመት የወጣውን ይወዳል፤ ያ ዓመት ደግሞ በእውነትም የተለየ ነበር፣ ዋችመን ጀመረ፣ የሚለር ባትማን ወጣ፣ የማውስ የመጀመሪያው ቅጽ ታተመ። ግን ዝርዝሩ እዚያው ላይ ተተክሎ ይቀራል። አብዛኛው ወንድ ደራሲ ነው፣ አብዛኛው አሜሪካና እንግሊዝ ነው፤ ጃፓን ለአንድ ሁለት ስም ያህል ትገባለች። ማርጃን ሳትራፒ ከ2000 እስከ 2003 በአራት ቅጽ ያወጣችው ፐርሴፖሊስ፣ ኢራን ውስጥ ልጅ ሆና አብዮትና ጦርነት ያየችበት፣ እንዲሁ በጥቁርና በነጭ ብቻ ተሥሎ ከብዙ የተጌጠ መጽሐፍ የበለጠ ይናገራል። ማርገሪት አቡዌና ክሌማን ኡብረሪ በ2005 የጀመሩት አያ ደግሞ አይቮሪ ኮስት ባለችው አቢጃን ከተማ ውስጥ በ1970ዎቹ የሦስት ወጣት ሴቶች ሕይወት ነው፤ ፍቅር፣ ወላጅ፣ ትምህርት፣ ሐሜት። አፍሪካን በጦርነትና በረሃብ ብቻ ለሚያውቃት አንባቢ ዓይን የሚከፍት ነው። እነዚህን እንዲህ ባለ ዝርዝር ላይ ከፊት ብዙም አታገኛቸውም፤ እኔ ግን ከሚለር ባትማን በፊት አስቀምጣቸዋለሁ፣ ያለ ማመንታት።

ልጅ ሆነህ ያነበብከው ቲንቲንም ቢሆን ተመልሰህ ብታየው ሁለት ነገር ታገኛለህ። አንደኛው የሠዓሊው የኤርዤ መስመር ነው። ጥላ የለውም፣ ሁሉም ነገር በእኩል ጥራት ተሥሏል፤ ያ ቅለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚገባው ሲያድጉ ነው። ሁለተኛው ደስ አይልም፤ የኮንጎው ቅጽ አፍሪካውያንን የሣለበት መንገድ በቅኝ ግዛት ዘመን ንቀት የተሞላ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዣንግ ቾንግረን ከተባለ ቻይናዊ ተማሪ ጋር ተዋወቀና ብሉ ሎተስ የተባለውን ቅጽ ሲሠራ አገሩን አጥንቶ፣ ሰዎቹን ሰው አድርጎ ሣለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ሠዓሊ ሲለወጥ በዓይኑ ያያል። ለልጅ የኮንጎውን ቅጽ ብቻውን አትስጥ፤ ከሰጠህም አብረህ ተቀምጠህ አንብብ።

እንግዲህ ምርጫዬ። አንድ ብቻ ካልክ የሾን ታን ዘ አራይቫል ነው። በ2006 የወጣ ነው፣ 128 ገጽ፣ አንድም የሚነበብ ቃል የለበትም። ደራሲው አውስትራሊያዊ ነው፣ አባቱ ከማሌዥያ የሄደ ነው። አንድ ሰው ሚስቱንና ልጁን ትቶ በመርከብ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። በቃ ታሪኩ ይኸው ነው። ግን ታን ስደተኛው የሚደርስበትን አገር ፈጽሞ እንግዳ አድርጎ ፈጥሮታል፤ እንስሳቱ አይታወቁም፣ ፍሬዎቹ እንዴት እንደሚበሉ አይታወቅም። ፊደሉን ራሱ ፈጥሮታል፣ ማንም አያነበውም። ስለዚህ ሰውየው ማስታወቂያው ፊት ቆሞ ግራ ሲገባው አንተም አብረኸው ግራ ይገባሃል። ማንኛውንም ቋንቋ የምታውቅ ብትሆን እዚያ አገር ማይም ነህ። ስለ ስደት ብዙ ተጽፏል፤ አንባቢውን ራሱን ስደተኛ ያደረገ ግን ከዚህ ሌላ አላስታውስም።

ለምን ለአንተ ይህን መረጥኩ? ምክንያቱም መሮጫ የለህም። የንግግር ፊኛ የለም፣ ዓይንህ የሚዘልበት ቦታ የለም፤ ሥዕሉን ካላየህ ምንም አላነበብክም። የመጀመሪያውን ገጽ ልብ በል፤ የወረቀት ወፍ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ቆብ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የልጅ ሥዕል። የቤቱ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ሰውየው ሌላ አገር ከደረሰ በኋላ እነዚህን ነገሮች የሚተኩትን ፈልጋቸው። የባሕር ጉዞው ላይ ስትደርስ ደግሞ ገጹ በትናንሽ የደመና ሥዕሎች ይሞላል፣ ደመና ብቻ። አንድ በአንድ እያቸው። ጉዞው ምን ያህል እንደረዘመ ቃል ሳይኖር ይገባሃል። ሲያልቅ ሳታስቀምጠው እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር፤ ሁለተኛው ንባብ ነው ዋናው።

ቀጥሎ ማውስ። አርት ስፒገልማን አባቱ ከአውሽቪትስ እንዴት እንደተረፈ የተረከበት ነው፤ አይሁዶቹ አይጥ፣ ጀርመኖቹ ድመት ሆነው ተሥለዋል። ሁለተኛው ቅጽ በ1991 ወጣ፣ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ብዙ ሰው ስለ ታሪኩ ክብደት ብቻ ያወራል፤ ክብደቱ እውነት ነው። ግን አሁን ዓይንህ ስለሠለጠነ ሌላም ታያለህ። አባትና እናቱ መሄጃ አጥተው በሚራመዱበት አንድ ሥዕል ላይ የመንገዱ መገናኛ ራሱ የናዚን መስቀል ቅርጽ ይዟል። በየትም ብትሄድ እዚያው ነህ ማለቱ ነው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል አይልም። ሁለተኛው ቅጽ ውስጥም ደራሲው ራሱን የሣለበት ክፍል አለ። እውነተኛ አይጥ አይደለም፣ የአይጥ ጭንብል ያሰረ ሰው ነው፣ የጭንብሉ ክር ይታያል። እዚያ ጋ ቆም በል። መጽሐፉ ስለ ራሱ ዘዴ እየጠየቀህ ነው። ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ሐዘን ላይ ካለህ ወይም እንቅልፍ ከሚያጣ ሰው ወገን ከሆንክ ከመኝታ በፊት አታንብበው።

ከዚያ በኋላ ነፃ ነህ። ረጅም ጉዞና ሳቅ ከፈለግህ የጄፍ ስሚዝ ቦን አለ፤ ከ1991 እስከ 2004 በ55 ቁጥር የወጣ፣ ቀልድ ሆኖ ጀምሮ ታላቅ ጀብዱ ሆኖ የሚያልቅ፣ ከልጅ ጋር አብሮ ሊነበብ የሚችል። ምርመራና ምስጢር ከወደድክ የናኦኪ ኡራሳዋ ፕሉቶ 8 ቅጽ ብቻ ነው። ኡራሳዋ የኦሳሙ ቴዙካን የድሮ የሮቦት ታሪክ ወስዶ በመርማሪ ዓይን እንደገና የተረከበት ነው፤ የቴዙካውን ሳታነብ ይገባሃል፣ ካነበብከው በኋላ ደግሞ ይጣፍጥሃል። ለዋችመንም ትልቅ ትምህርት ነው፤ አንድ ሥራ ለሌላ ሥራ ሲመልስ ምን እንደሚመስል እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለ አነባበብ ጥቂት ልጨምር። በስልክ አታንብብ፣ በተለይ መተግበሪያው ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያጎላ የሚያሳይ ከሆነ። ያኔ ገጹ ይጠፋል። ገጹ ከጠፋ ስለ 9ኙ ሳጥን፣ ስለ ክፍተቱ፣ ስለ ሙሉ ገጽ ሥዕሉ የነገርኩህ ሁሉ ይጠፋል። ሰፊ ታብሌት ይሻላል፣ ወረቀት ከሁሉ ይሻላል። አዲስ ገጽ ስትከፍት መጀመሪያ ምንም ሳታነብ ገጹን በሙሉ እየው፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል፣ ከዚያ ግባ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ በ1980ዎቹና 1990ዎቹ ለምዕራባውያን የታተሙ አንዳንድ ቅጾች ገጹን ስለገለበጡት ቀኝ እጅ ሁሉ ግራ ሆኗል፣ ከተቻለ አዲሱን እትም ፈልግ። ቦን መጀመሪያ የወጣው በጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀለሙ ከ2005 ጀምሮ ነው የተጨመረው። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ እኔ ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ፣ የስሚዝ መስመር ራቁቱን ስለሚታይ። ትልልቅ፣ ባለ ጠንካራ ሽፋን ልዩ እትሞችን ደግሞ ለጊዜው ተዋቸው። ያምራሉ፣ ግን ውድና ከባድ ናቸው። ደግመህ እንደምታነበው ያወቅኸውን መጽሐፍ ብቻ ነው በዚያ መልክ መግዛት።

ልኩንም ልንገርህ። ይህን ሁሉ አድርገህ ዋችመን አሁንም ላይጥምህ ይችላል። የሱፐርሂሮን ታሪክ በልጅነቱ ያልወደደ ሰው የዚያን ፍቅር መፍረስ ሲያይ የሚሰማው ሐዘን አንሶ ሊሰማው ይችላል፤ ያንን ማንም በኋላ አይተክልልህም። የማይጥምህ ከሆነም ኮሚክ ለአንተ አይደለም ማለት አይደለም። ዓመታትን በማንበብ ያሳለፉ፣ ዋችመንን የሚያከብሩ ግን የማይወዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ግን አሁን አትፍረድበት። ዘ አራይቫልን ሁለቴ፣ ማውስን አንዴ አንብብ። ከዚያ ዋችመንን አውጣና ከመጀመሪያው አትጀምር። ምዕራፍ 5ን ብቻ ክፈት፣ መሃሉን ፈልግ። ፊት ለፊት የተያያዙት ሁለት ገጾች ላይ የሳጥኖቹ አሰላለፍ በመስታወት እንደታየ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከዚያ አንድ ገጽ ወደ ኋላ፣ አንድ ገጽ ወደፊት ሂድና አስተያያቸው። እንደገና አንድ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደፊት። እስከ ምዕራፉ ሁለት ጫፎች ድረስ እንዲሁ ሂድ። ለዚህ ብቻ አንድ ምሽት ስጠው።